ይናገሩት ወይስ ይተዉት? ከትራውማ በኋላ ስለ መደንዘዝና ስለ ማገገም የተደረገ ዳሰሳ

ክፉ ነገር ለደረሰበት ሰው በእኛ ዘንድ ሁለት ምክሮች ጎን ለጎን ይሰጣሉ። አንደኛው የእናቶች ነው፦ «ተዪው፣ አታንሺው፣ እሱ ያስረሳሽ።» ሁለተኛው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሥልጠና አዳራሽና ከሬዲዮ ውይይት የመጣ ነው፦ «አውጪው፣ ካልተናገርሽው አይወጣልሽም።» ሁለቱም ከፍቅር የሚመነጩ ናቸው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። የሚመከረው ሰው በዚያች ቅጽበት ልቡ ከእኛ ጋር መሆን አለመሆኑን አይጠይቁም። ከተጎዱት መካከል ብዙዎቹ ሕመሙ ሲበረታባቸው አያለቅሱም፣ አይጮኹምም፤ ይደነዝዛሉ። ዐይናቸው እያየ፣ ጆሯቸው እየሰማ እነሱ የሉም። ባለሙያዎች ይህን ከራስ መነጠል ይሉታል። በአማርኛ ስለ ትራውማ ሲጻፍ ግን ከሌሊት ቅዠትና ከብርገጋ አልፎ ወደዚህ ጉዳይ የሚደርስ ጽሑፍ ብዙም አይገኝም።

እንዲህ እናስብ። አንዲት ሴት ከሥራ ወጥታ ሚኒባስ ተሳፍራለች። መገናኛ ላይ ረዳቱ በሩን በኃይል ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው «እህቴ፣ መጨረሻ ነው» ሲላት ብቻ ነው። ሰፈሯን አልፋዋለች። አልተኛችም፤ ሒሳቧንም ከፍላለች። ያ ሁሉ መንገድ ግን በአእምሮዋ የለም። እጇን ስታየው የሌላ ሰው እጅ ይመስላታል፤ የሰዉ ድምፅ ይርቅባታል። ቤት ስትደርስ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። መዋሸቷ አይደለም፤ የሆነችውን የምትናገርበት ሌላ መንገድ ስላጣች ነው።

መጠነኛው መነጠል ማንንም የሚያጋጥም ነገር ነው። የለመድነውን መንገድ በሐሳብ ተውጠን ጨርሰን እንዴት እንደደረስን የማናውቅበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በርንስታይንና ፑትናም ያዘጋጁት፣ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 28 ጥያቄ መመዘኛም እንዲህ ካሉ የዕለት ተዕለት ገጠመኞች ተነሥቶ ነው ወደ ከባዶቹ የሚሄደው። መለያው መደጋገሙና የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ሥራ ሲያስቀር፣ ልጅን እሳት አጠገብ ሲያስረሳ፣ የሚወዱትን ሰው ፊት እንደ እንግዳ ሲያስመስል ያን ጊዜ ሕመም ሆኗል ማለት ነው።

ሰውነት ለምን እንዲህ ያደርጋል?

ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ሥራው፣ አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለው ትዝታ ከቀረው ማንነት ተነጥሎ ለብቻው እንደሚኖር ጽፏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ ማየት የተሳናቸው፣ ትዝታቸው የጠፋባቸው ወታደሮችን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1915 ሪፖርት አቀረበ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ፤ ጦርነት ሲመጣ ይነሣል፣ ሰላም ሲሆን ይተኛል። ፒቲኤስዲ የሚባለው የድኅረ ሰቆቃ ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው ከቬትናም ጦርነት በኋላ በ1980 ሲሆን፣ መነጠል የሚበዛበት ዓይነቱ ራሱን ችሎ የታወቀው ደግሞ በ2013 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መዝገብ፣ ለረጅም ጊዜና በተደጋጋሚ ከሚደርስ በደል የሚመጣውን ውስብስብ ዓይነት ለብቻው አስቀምጦታል።

አሠራሩን በደንብ ካብራሩት መካከል በጀርመን የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ማጊ ሻወርና ቶማስ ኤልበርት ይገኙበታል። አደጋ ሲመጣ ሰውነት በመጀመሪያ ለሽሽት ወይም ለትግል ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። መሸሽም መታገልም ካልተቻለ፣ በተለይ አጥቂው በላይዋ ካለ፣ ወይም ልጅ ሆና የሚመታት ያው የሚያበላት ሰው ከሆነ፣ ሰውነት አካሄዱን ይቀይራል። የልብ ምት ይወርዳል፣ የደም ግፊት ይቀንሳል፣ ጡንቻ ይልማል፣ ሕመም መሰማቱ ይደበዝዛል፣ አንደበት ይታሰራል። አንዳንዱ ሰው ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ይህ የሰውነት ጥበብ ነው። ችግሩ ሰውነት ይህን መንገድ አንዴ ከተማረ በኋላ አደጋው ካለፈም በበር ድምፅ፣ በአንድ ሽታ፣ በአንድ የወንድ ሳል እንደገና ወደዚያው መመለሱ ነው።

ይህን ማወቅ ራሱ ሸክም ያቀላል። ብዙ ተጠቂዎች ለዓመታት «ለምን አልጮኽኩም? ለምን አልታገልኩም?» እያሉ ራሳቸውን ይከሳሉ። ዳኛም፣ ዘመድም፣ አንዳንዴ የንስሐ አባትም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ ከፈቃድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሰውነቷ እሷን ሳያማክር የወሰደው እርምጃ ነው።

በዚያች ቅጽበት ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ምክር መፈተሽ አለበት። ለተጨነቀ ሰው ሁሉ «ዐይንህን ጨፍን፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ ተረጋጋ» ማለት ልማድ ሆኗል። ልቡ እየመታ፣ ላብ እያጠመቀው ላለ ሰው ምክሩ ይሠራል። ለደነዘዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያመጣል። እሱ ከሚገባው በላይ «ተረጋግቷል»፤ ዐይኑን ሲጨፍን ደግሞ ከዚህ ዓለም ጋር ያገናኘው የነበረ የመጨረሻው ነገር ይቋረጣል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዳንኤል ሲግል እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው እያንዳንዱ ሰው ስሜቱን ተሸክሞ ማሰብ የሚችልበት የራሱ ስፋት አለው፤ ከዚያ ስፋት በላይ መጦዝ አለ፣ በታች ደግሞ መደንዘዝ። ከላይ ያለውን ማውረድ፣ ከታች ያለውን ማንሣት ያስፈልጋል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ረዳት በቅን ልቦና ይጎዳል።

ለደነዘዘው የሚረዳው ዐይን መክፈት፣ መነሣት፣ መንቀሳቀስ ነው። እግርን መሬት ላይ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ጡጫን መጨበጥና መልቀቅ፣ የጭንና የክንድ ጡንቻን መወጠር። የኮንስታንስ ባለሙያዎች ታካሚያቸው መደንዘዝ ስትጀምር ወዲያው ቁጭ ብድግ ያሰኟታል፣ ጡንቻዋን እንድትወጥር ያደርጓታል። ይህ የደም ግፊት ስለሚወርድባቸው ደም ሲያዩ ለሚወድቁ ሰዎች ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ መርጨት፣ ሎሚ መምጠጥ፣ ጤና አዳም ወይም የተቆላ ቡና ማሽተትም ይጠቅማል። ሽታ ግን በጥንቃቄ ይመረጥ፤ ያ ክፉ ነገር የደረሰው ቡና በሚቆላበት ቤት ከሆነ ቡናው ራሱ ወደዚያው ይመልሳታል። ከዚያ ዙሪያን እያዩ በስም መጥራት፦ አረንጓዴ በር፣ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዕድሜን ጮክ ብሎ መናገር። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ያለሁት አዳማ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ በሩን ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ያን ጊዜንና አሁንን የምትለየው እሷ ናትና።

አጠገቧ ያለ ሰውም ድርሻ አለው። ድንገት አለመንካት፣ ከኋላ አለመምጣት፣ አለመጮኽ፣ በስሟ መጥራት፣ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ቤት ነው ያለነው» ማለት። ለማፅናናት ብሎ ማቀፍ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ እቅፍ ግን ለአንዳንዷ ያው የጥንቱ እስራት ነው። ጠይቆ ማቀፍ አይከብድም።

እነዚህ ዘዴዎች በየመመሪያው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በሥዕል አስደግፎ ያወጣው የጭንቀት መቋቋሚያ መጽሐፍም የሚጀምረው ስሜትን አስተውሎ አሁን ወዳለንበት በመመለስ ነው። በኡጋንዳ የሚገኙ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች ላይ የተሞከረው የዚሁ ድርጅት የቡድን ኮርስም ጭንቀታቸውን መቀነሱ ታይቷል። ቢሆንም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ወደ አሁን መመለስ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ለዓመታት ውኃ እየረጩ፣ ዕቃ እየቆጠሩ መኖር ማገገም አይባልም።

ብዙ ሰው በራሱ የሚያገኛቸው ሌሎች ማደንዘዣዎችም አሉ። አረቄው፣ ጫቱ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ማፍጠጡ፣ ዕረፍት የሌለው ሥራ። ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይነጠላል። አንዳንዶች የደነዘዘ ሰውነታቸው እንዲሰማቸው ብለው ራሳቸውን እስከ መጉዳት ይደርሳሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «ለታይታ ነው» ብሎ ባይቆጣ ጥሩ ነው። ሊሸከሙት ያልቻሉት ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት ስለሆነ ቶሎ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

መክፈት ወይስ መጠበቅ?

በሕክምናው ዓለም ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ጁዲት ኸርማን በ1992 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፏ ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፈለችው፦ በመጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻ ከሰውና ከኑሮ ጋር መልሶ መገናኘት። አከፋፈሉ ከዣኔ ብዙ የተዋሰ ነው። ለብዙ ዓመታት በተለይ ለሚነጠሉ ታካሚዎች ሕጉ ይህ ነበር፤ እስኪረጋጉ ድረስ ያለፈውን አትንካ።

በ2016 ሆላንዳዊው አድ ደ ዮንግ ከበርካታ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ሕግ በግልጽ ሞገተ። ረጅም የማረጋጊያ ጊዜ የግድ መሆኑን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም፤ ታካሚዎችን «ደካማ ናችሁ» እያሉ የሚጠቅማቸውን ሕክምና ማዘግየት ይሆናል አሉ። በ2020 የታተመ ከ20 በላይ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተናም፣ የሚነጠሉ ሰዎች ትራውማውን በቀጥታ ከሚመለከት ሕክምና የሚያገኙት ጥቅም ከሌሎቹ እንደማያንስ አሳየ። ሌላው ወገን ደግሞ እጅግ የከፋ መነጠል ያለባቸው ብዙ ጊዜ ወደ ጥናቱ እንደማይገቡ ያስታውሳል፤ ትክክል ነው። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ደ ዮንግ ያጋደለ ይመስለኛል፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ካልቀረ። ይኸውም ሴትዮዋ ዛሬም ከሚመታት ሰው ጋር የምትኖር ከሆነ፣ ወይም ነገ የት እንደምታድር ካላወቀች፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመኖሪያዋ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ኸርማንን የሚረታ ማስረጃ አላየሁም።

«መክፈት» ሲባል እንዴት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው፤ እነ ሻወር፣ ኖይነርና ኤልበርት ለስደተኞች ያዘጋጁት የሕይወት ትረካ ሕክምና ነው። ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ ልደት ነው፤ ሌላው ጫፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ያልመጣው ዘመን ነውና። ታካሚው ገመዱን ተከትሎ ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ ያኖራል፤ ለትልቅ ሐዘን ትልቅ ድንጋይ። ያን ቀን ዝርዝር አይነገርም፣ ስም ብቻ ይሰጣል። በሚቀጥሉት ቀናት ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተረካል። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ባለሙያው ያዘገያል። ምን አየህ፣ ምን ሸተተህ፣ ምን አሰብክ፣ ሰውነትህ ምን ሆነ፤ አሁንስ፣ እዚህ ወንበር ላይ ሆነህ ስትናገረው ምን ይሰማሃል? ታካሚው መደንዘዝ ከጀመረ ወጥር፣ ተነሥ፣ መስኮቱን እይ ይባላል፤ ከዚያ ወደ ታሪኩ ይመለሳሉ። የተነገረው ይጻፋል፣ በሚቀጥለው ቀን ይነበብለታል፣ ይታረማል። በመጨረሻ የሕይወት ታሪኩን በጽሑፍ ይዞ ይሄዳል።

በ2004 በታተመ ጥናት ኡጋንዳ ውስጥ 43 ሱዳናውያን ስደተኞች ተሳትፈው ነበር። ከዓመት በኋላ ይህን ሕክምና ካገኙት መካከል ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የተለመደ የድጋፍ ምክር ካገኙት ግን 79 በመቶው እንደታመሙ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በ2008 በናኪቫሌ መጠለያ 277 ሩዋንዳውያንና ሶማሌዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ በጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ ስደተኞች ራሳቸው ይህን መስጠት እንደሚችሉ አሳይቷል። የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ ልብ ለማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ዐይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያነሡበት፣ ፍራንሲን ሻፒሮ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረችው ሕክምናና ትራውማ ላይ ያተኮረው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና በዓለም ጤና ድርጅት የ2013 መመሪያ ተቀባይነት አላቸው። መድኃኒትን በተመለከተ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ፒቲኤስዲን ያቀላሉ፤ ለመነጠል ራሱ የጸደቀ መድኃኒት ግን የለም። ሰዎች ለእንቅልፍ ብለው ከፋርማሲ የሚገዟቸውን ማስታገሻዎች፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉትን፣ ያው መመሪያ ክፉ ነገር እንደደረሰ ወዲያው እንዳይሰጡ ይመክራል።

ሁለት መንገዶች ደግሞ መዘጋት አለባቸው። አንደኛው አደጋ የደረሰበትን ሰው በማግሥቱ አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማናገር ነው። በ2002 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ይህ እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል ደምድሟል። ሁለተኛው የጠፋ ትዝታን በግድ ፍለጋ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሂፕኖሲስና በጉትጎታ የተቆፈሩ «ትዝታዎች» ቤተሰብ አፍርሰዋል፤ የኤልዛቤት ሎፍተስ ምርምሮችም ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ ማስታወስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ክፍተት ያለበት ታሪክ ይዞ መዳን ይቻላል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

ኢትዮጵያዊው የአእምሮ ሐኪም መስፍን አርአያ የተሳተፉበትና በ2001 በአንድ ታላቅ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አራት ግጭት ያለፈባቸውን ሕዝቦች አወዳድሮ ነበር። በአልጄሪያ 37.4 በመቶ፣ በካምቦዲያ 28.4፣ በጋዛ 17.8 ፒቲኤስዲ ሲገኝ፣ ከኤርትራ መጥተው አዲስ አበባ ይኖሩ በነበሩት ዘንድ 15.8 በመቶ ተገኘ። ዝቅ ማለቱን በኩራት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ እጠነቀቃለሁ፤ ሕመሙ እኛ ዘንድ በብዛት በራስ ምታት፣ በሰውነት ማቃጠል፣ በልብ መጥፋት ስለሚነገር መጠይቁ የሚስተው ነገር ሊኖር ይችላል። ሆኖም ማኅበራዊ ኑሯችን የሚይዘው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። መርዶን እንመልከት። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውዬው ቤቱ ሳለ ይነገረዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ አለ። ከዚያ እድሩ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ማንም ብቻውን አይደነዝዝም።

ለተደፈረች ሴት ግን ድንኳን አይተከልም። ከዐረብ አገር ተጎድታ ለተመለሰችው፣ ይዛው የመጣችው ገንዘብ እንጂ ሐዘኗ አይጠየቅም። በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ የደረሰው እንዲሁ በየቤቱ ተዳፍኗል። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ለእነዚህ ነው፤ መነጠልም በብዛት የሚያድገው እንዲህ ያለ ዝምታ ባለበት ቤት ነው።

የዛርን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ከቅርብ ተከታትሏል፤ ከዚያ ወዲህም በእስራኤል ያሉ ሐኪሞች በቤተ እስራኤላውያን ስደተኞች ላይ የታየውን ዛር ሕመም ነው ወይስ ባህል ብለው ተከራክረዋል። በሱዳን በኩል በእግር ሲጓዙ ሺዎች የሞቱባቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ የተደረገ ጥናት መነጠልንም ጭምር መለካቱ ተገቢ ነው። ዛሬ የሕክምና መዝገቦች መልስ ሰጥተዋል፤ በአንድ ማኅበረሰብ ባህል ወይም እምነት ተቀባይነት ያለውና ሰውን የማያሰቃይ ሁኔታ ሕመም አይባልም። ጸበል ቤት የሚሄድንም ሰው ከዚያ ማስቀረት አያስፈልግም፤ ጸበሉም መድኃኒቱም፣ ጸሎቱም ምክሩም አብረው ይሄዳሉ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በእስራት፣ በዱላ፣ በጭስ «ይውጣ» እየተባለች የምትሰቃይ የተደፈረች ልጅ፣ ሰውነቷ የሚያውቀውን ያንኑ መውጫ የሌለው ሰዓት እንደገና ነው የምትኖረው። ያኔም ትደነዝዛለች፤ «ለቀቃት» ይባላል።

በውጭ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ የተለየ ጣጣ አለ። ጥገኝነት ጠያቂ ታሪኩን ሲናገር ፊቱ እንደ ድንጋይ ከሆነ፣ ቀን ከተምታታበት፣ ባለሥልጣኑ ውሸታም ይለዋል። ጄን ኸርሊሂና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣ በሁለቱ ቃሎች መካከል መለያየት የተለመደ መሆኑን፣ ሕመሙ በበረታባቸው ላይም በሁለቱ ቃለ መጠይቆች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ልዩነቱ እንደሚጨምር አግኝተዋል። ጠበቃ ያላችሁ ይህን ንገሩት፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት የባለሙያ ማስረጃ ማያያዝ ይቻላል።

ይህን የምታነቡና ራሳችሁን ያገኛችሁበት ብትኖሩ፣ ብቻችሁን ሁሉን ለመክፈት አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ወደ ዛሬ የሚመልሳችሁን አንድ ዘዴ ሰውነታችሁ ሰላም በሆነበት ቀን ተለማመዱ፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም። አንድ የምታምኑትን ሰው «ስደነዝዝ እንዲህ አድርግልኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ራስን የመጉዳት ወይም ያለመኖር ሐሳብ ከመጣ፣ ሰዓታት ወይም ቀናት ከአእምሮ እየጠፉ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ዛሬም ይቀበላል፤ በክልል ከተሞችም በበርካታ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፍቷል። ስትገቡ ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ አይጠበቅባችሁም፤ «አንዳንዴ ከራሴ እጠፋለሁ፣ ሰዓቱ ይጠፋብኛል» ካላችሁ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።